በሰው ፓምፕ ጃናሞራ ደርሶ መልስ

ኅዳር ውስጥ ነው፤ አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባቴን ለማምጣት ከጎንደር ተነሣሁ። አባቴ ቄስ ናቸው። ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ ግማሽ ሰዓት በእግር በምታስኬድ መንደር ይኖራሉ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቀኙን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ጎንደር መጥተው ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሚቆዩ ስሰማ ሮጬ ሄጄ የአባቴን ስም አስመዘገብኩ። ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ። ካመለጠን ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ለምን በአውቶቡስ አይመጡም የሚል ይኖራል። ዓምና ሞክረዋል። ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ጠብቀው፣ የመጣውም ሞልቶ አልፏቸው፣ በዱላቸው እየዳበሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አለ። ስለዚህ ዘንድሮ በራሴ መኪና ላመጣቸው ቆረጥኩ።

አርብ፣ ከጎንደር እስከ ዳባት

መኪናዬ አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ናት፤ የሟቹ ባለቤቴ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ መኪና መጠገን የተማርኩት ወድጄ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ጋራዥ ስሄድ ሜካኒኮቹ ባልሽን ላኪልን ይሉኝ ነበር። ሞቷል ስላቸው ወንድም የለሽም ወይ ይሉኛል። የሠሩትንም ያልሠሩትንም ደምረው ያስከፍሉኛል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ መኪናዬን ይዤ ወጣሁና ዘይት መቀየርን፣ የፍሬን ሸራ መለወጥን፣ ራዲያተር ማጠብን ግቢዬ ውስጥ እየተሳሳትኩ ተማርኩ።

ያስተማረኝ በስልክ የምንጻጻፍበት የመኪና ባለቤቶች ቡድን ነው። ከጎንደር፣ ከዳባትና ከደባርቅ የሆኑ አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች አሉበት። አንዱ የተበላሸበትን ይጽፋል፤ ሌላው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠገን ይመልሳል። ዕቃ የት እንዳለ፣ የቆመ መኪና ማን እንደሚጎትት ይጠቋቆማሉ። መጀመሪያ ጠያቂ ነበርኩ፤ ቀስ በቀስ መላሽ ሆንኩ። «እትዬ ክሪክ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ክሪክ የመኪና ማንሻው ነው። ደስ አለኝና በቡድኑ ውስጥ ስሜን አንሥቼ እሱን አደረግሁት።

የቡድኑ አስተዳዳሪ ጋሽ ባዩ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። ለጥያቄው ሁሉ መልስ አለው፤ መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ነው የሚገኘው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት የውሃ ፓምፔ ማንጠባጠብ ሲጀምር አዲስ የገዛሁት ከእሱ ነው። ኦሪጅናል መሆኑን በታቦት ምሎ ነገረኝ። ራሴ ገጠምኩት፤ ብሎኖቹንም አንድ በአንድ አጠበቅሁ።

ከኮሶዬ በኋላ ያለው ዳገት ጠዋት ላይ ያምራል። ገብሱ ታጭዷል፤ በየማሳው ክምር አለ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነጠላቸውን በጆሯቸው ዙሪያ የጠቀለሉ ሰዎች ድንች በጆንያ ደርድረው መኪና ይጠብቃሉ። ሁለት ሴቶች እስከ ዳባት አሳፈርኩ። ስለ ማዳበሪያ መጥፋት እያወሩ ሳለ የሙቀቱ መርፌ ከቦታው ተነቅሎ ሽቅብ ሲሄድ አየሁት።

ዳባት ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሴቶቹ መርቀውኝ ወረዱ። መኪናዋን ጥላ ላይ አቁሜ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅሁና የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ውሃው ሙሉ ነው። ውሃ ሳይጎድል የሚሞቅ ሞተር ውሃው አይዞርም ማለት ነው። ይህን ለሌሎች ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ግን የራሴ ፓምፕ አዲስ ነውና አእምሮዬ እዚያ መድረስ እምቢ አለ። ለቡድኑ ጻፍኩ። ጋሽ ባዩ ወዲያው መለሰ፦ የአሮጌ መኪና መርፌ ውሸታም ነው፤ ዳገት ስለሆነ ነው፤ ቀስ ብለሽ ንጂ። ሁለት ሰዎች ከሥሩ ልክ ነው አሉ። አመንኳቸው። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንኩት።

ወቅን አለፍ ብሎ

ወቅንን እንዳለፍኩ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ወጣ። ወዲያው ሞተሩን አጥፍቼ ዳር ያዝኩ። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ወርጄ ድንጋይ ከጎማው ሥር አደረግሁና ለጋሽ ባዩ ደወልኩ።

ምን እንዳለኝ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በየኪሎ ሜትሩ ለራሴ ደግሜዋለሁና። ፓምፑ ምንም የለበትም አለ። የገጠምሽው አንቺ ነሽ አለ። «የሴት እጅ ብሎን አጠበቀ ሲባል እኮ እኔም ፈርቼ ነበር» አለና ሳቀ። ከዚያ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ተሰናበተኝ። መንገድ ዳር ቆሜ እጄን አየሁት። ያ እጅ ሰባት ዓመት መኪና ሲጠግን ኖሯል።

ብዙ መኪና አለፈ። አንድ ገብስ የጫነ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ሾፌሩ እስከ ደባርቅ ልጎትትሽ አለ። ገመዱን ፊት ለፊት ካለው መጎተቻ ቀለበት ላይ እሰረው፣ በዝግታም ሂድ ብዬ ነገርኩት። ሃያ ዓመት ነድቻለሁ አለኝ። መሪዬ ጋ ከገባሁ በኋላ ገመዱን የት እንዳሰረ ማየት አልቻልኩም። ሞተሩ የጠፋ መኪና ሲጎተት መሪው ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑም በሁለት እግር ካልተረገጠ አይዝም። ሰውየው ባዶ ሜዳ እንዳገኘ ፈረስ ጋለበ። ጡሩምባ ነፋሁ፤ መብራት አበራሁ፤ ዞርም አላለም። አንድ ቁልቁለት ላይ ገመዱ ረገበና ድንገት ሲወጠር የፊት ባምፐሬ ግማሹ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ገመዱን ባምፐሩ ላይ ነበር ያሰረው። ወርዶ አየና አሮጌ ስለሆነ ነው አለኝ። ዳግም ራሱ ቀለበቱ ላይ አሰረው፤ ማንም እንዳልነገረው ሁሉ። ብናገር የምለው ነገር ከቄስ ልጅ አፍ የሚወጣ አልነበረም።

ደባርቅ

ደባርቅ ስንገባ ስድስት ሰዓት አልፏል። ባጃጆቹ የተጎታች መኪና ሰልፍ ሊያሳልፉ ዳር ዳር ቆሙ። ጋራዡ ከሽሬ መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ሜካኒኩ እንየው ይባላል፤ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቃሉ ቁጥብ ሰው ነው። ባልሽ የት ነው አላለኝም። ምን ሆነች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ውሃ ጎድሎ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልጎደለም ስለው ራሱን ነቀነቀና ቁልፍ አነሣ።

መጀመሪያ የሞተር ዘይቱን መለኪያ መዝዞ አየ፤ ውሃ አልገባበትም። ቶሎ በማጥፋቴ ሞተሩ ከመቃጠል መትረፉን ነገረኝ። ከዚያ ፓምፑን ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ውሃውን የሚገፋው ክንፍ ከዘንጉ ተላቆ ለብቻው ይሽከረከራል። ፕላስቲክ ነው፤ በማጣበቂያ ነው የተያዘው። እንየው ላዩን በቢላ ፋቀው። ብርማው ቀለም ሲላጥ ከሥሩ ዝገት ወጣ። ያረጀ ቀፎ ቀለም ቀብተው፣ አዲስ ማኅተም መትተው፣ ክንፍ ለጥፈውበት ነው የሸጡልኝ።

«እትዬ፣ አገጣጠምዎ ጥሩ ነው። ብሎኖቹ እኩል ጠብቀዋል» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ንዴት ነው።

ደባርቅ ላይ ያሉት ሁለት የመለዋወጫ ሱቆች ለእኔ ሞተር የሚሆን ፓምፕ አልነበራቸውም። ከጎንደር ይላክ ቢባል ቅዳሜ ከሰዓት ይደርስ እንደሆነ ነው፤ እሱም ያው ሐሰተኛ ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? ቅዳሜ ጠዋት ካልተነሣሁ ደግሞ እሑድ አባቴን ይዤ መመለስ አልችልም። እንየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ግቢው ጥግ የቆመውን ነጭ የቤት መኪና አሳየኝ። የእኔና የእሱ ሞተር አንድ ነው አለኝ፤ ባለቤቱን ጠይቂው።

ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ዶክተር ሙሉጌታ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በዳባትና በደባርቅ መካከል ላሉ ገበሬዎች ከብት ያክማል። የመኪናው ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹን ራሱ ይቀይራል። ከአንድ ወር በፊት ዳባት ላይ ባትሪው ሞቶ ቆመበት፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በገመድ አስጎትቶ ደባርቅ አመጣው። ሲደርስ ካምቢዮው ተቃጥሏል። አውቶማቲክ መኪና በሞተሩ የሚዞሩት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ ረጅም መንገድ ከተጎተተ ሞተሩ ስለማይሠራ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት አይዞርም፤ ይቃጠላል። ይህን ያወቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። አሁን ከብት ሊያክም በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ቀድሞ ቢደርስ ይተርፍ የነበረ አንድ በሬ እንደሞተ ነገረኝና መሬት መሬት አየ።

ማን አስጎትት አለዎት አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ምናልባት ሆዴ ነግሮኛል።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የእኛ ቡድን ነው። «ዳባት ላይ ቆሜያለሁ፣ አውቶማቲክ ነው፣ ምን ላድርግ» የሚል ጥያቄ አለ። ከሥሩ መልሱ፦ «ፎሌ ላይ አድርገህ በገመድ አስጎትት፣ ምንም አይሆንም። እትዬ ክሪክ።»

ፎሌ ማለት ማርሹ ከሞተሩ የማይያያዝበት ቦታ ነው። ለእኔ መኪና ልክ ነው፤ የእኔ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ነክቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ሰው ሲል የሰማሁትን ነበር፣ የተማሪ ፈተና እያረምኩ በመሃል የጻፍኩት። ማስታወሴ ራሱ አሳፈረኝ፤ መልሼ ስልኬን አስቀምጬ ማረሜን ቀጥዬ ነበር።

ዶክተር ሙሉጌታ ይህችን ሴትዮ ባገኛት አለና ሳይጨርስ ተወው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አባትዎ የት ናቸው አለ። እንየው ነግሮት ነበር። ስለ ዓይናቸው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና እንየውን፣ የእኔ መኪና እንደሆነ አይሄድ፣ ፓምፑን ፈትተህ ግጠምላቸው አለው።

ይህን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አመሰገንኩት። ለአባቴ ዓይን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነትም ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን አላሳረፈኝም። ያን ማታ አልጋ የያዝኩበት ቤት ሽሮ በእንጀራ ቀረበልኝ፤ ሁለት ጉርሻ በልቼ ተውኩት። የደባርቅ ብርድ ሦስት ብርድ ልብስ ያልፋል። ጋሽ ባዩን ስረግም ዋልኩ፤ አልጋ ውስጥ ስገባ ግን የምረግመው ሰው ተደበላለቀብኝ።

ቅዳሜ፣ ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን

እንየው ማለዳ ተነሥቶ ፓምፑን ገጠመ። በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባውን ጋርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በመቀስ ቆርጦ በቅባት አርሶ ሠራው። ባምፐሬን በሽቦ አሰረልኝ። ሦስት ሰዓት ላይ የገበያተኛውን ሰልፍ እየሰነጠቅሁ ወጣሁ፤ በግ የሚነዳው፣ ገብስ የተሸከመው፣ አህያ የሚጎትተው ሁሉ ወደ ደባርቅ ይጎርፋል፤ እኔ ብቻ ወደ ላይ።

ከሳንቃበር በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ፤ የቱሪስት መኪና ባየሁ ቁጥር አዲስነቱን እያየሁ እቆጣለሁ። ጨነቅን አልፎ የቧሂት ዳገት ሲጀምር ዓይኔን ከመርፌው ላይ አላነሣሁም። ጅባራው፣ ያ ረጅም የደጋ ተክል፣ በሁለቱም በኩል እንደ ሰው ቆሟል። መርፌው መሃል ላይ ዝም ብሎ ተኛ። ሰው ያለ ጥርጣሬ የሰጠው ዕቃ እንዲህ ይሠራል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ መንገድ ያለው ማን እንደሆነ ላውቅ እፈልጋለሁ። ክረምቱ የጠረገው ቦታ ድንጋይ ተጥሎበታል፤ ተጥሎበታል ብቻ። አንድ ታማሚ በቃሬዛ የያዙ ሰዎች አገኘሁ፤ ስድስት ናቸው፤ ወደ መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ ነው የሚሄዱት። ታማሚዋን ከኋላ ወንበር አስተኛናት፤ ሁለቱ አብረው ገቡ፤ አራቱ ባዶ ቃሬዛውን ይዘው ተመለሱ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት መኪና አለፋችሁ አልኳቸው። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ አሉኝ።

ታማሚዋን ጤና ጣቢያው ላይ አውርጄ አባቴ ቤት አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። ደጅ ላይ ባለችው ድንጋይ ተቀምጠው ነበር። ሞተሩን ከሩቅ ሰምተው ቆሙ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳብሰው ከሳሽ አሉኝ።

እሑድ፣ መልስ

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ለመንገድ የገብስ ዳቦና አይብ ተቋጥሮልናል። አባቴ መስኮቱን ከፍተው ሽታውን እየተቀበሉ የት እንደደረስን ይነግሩኛል፤ ዓይናቸው ባያይም መንገዱን ያውቁታል።

ቧሂትን ስንወርድ ነገርኳቸው። ስለ ጋሽ ባዩ ጀመርኩ፤ ሐሰተኛውን ፓምፕ፣ ሳቁን፣ የሾፌሩን ድፍረት ሁሉ ዘረገፍኩ። መጨረሻ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ ዶክተሩ ካምቢዮ ነገርኳቸው።

«ሰውየው አንቺ መሆንሽን ያውቃል?» አሉ።

«አያውቅም፣ አባ።»

«እንግዲያው ዕቃውን ለአንቺ አልሰጠም። የሰጠው አንቺ ናት ብሎ ላሰባት ለሌላ ሴት ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ደባርቅ ድረስ ስለ በጎች ነው ያወራነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡ ደረስን። እሑድ ስለሆነ እንየው አልነበረም፤ ዘበኛው ዶክተሩን ጠራልኝ። ቤቱ ቅርብ ነው። አባቴን መኪና ውስጥ ትቼ ወረድኩ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ ድፍረቴ ሳይሸሽ ተናገርኩ።

«ዶክተር፣ በገመድ አስጎትት ብላ የጻፈችው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ ክሪክ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«አውቶማቲክ ካምቢዮ ከፍተው አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ሰው ሲል ሰምቼ ነው።»

ወደ ነጩ መኪናው ሄዶ ጣሪያው ላይ እጁን አስደግፎ ቆመ። ኮፋኖው ገርበብ ብሏል፤ ፓምፑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ሲመለስ ድምፁ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር።

«አርብ ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ ፓምፑን አልሰጥዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት።»

ወደ መኪናዬ ተመለከተ። አባቴ ራሳቸውን ወደ ድምፃችን አዘንብለው ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ለጥቂት ጊዜ አያቸው።

«አሁን የሰጠሁት ለእሳቸው ነው» አለ። «ለእርስዎ አይደለም። ለእኔ መንገርዎ ደግሞ ምንም አይጠቅመኝም። ያነበቡት ሌሎች አሉ። እዚያው ይጻፉት፤ በእውነተኛ ስምዎ።»

ያገለገለ ካምቢዮ ጎንደር ውስጥ አፈላልጋለሁ ስለው ይፈልጉ አለኝ፤ ይቅርታ አድርጌያለሁ አላለም። አባቴን ግን በመስኮቱ በኩል ሰላም አላቸው፤ መስቀላቸውንም ተሳለመ። በወቅንና በዳባት በኩል ተመለስን። ጎንደር ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ሰኞ፣ ጎንደር

አባቴ ሁለት ሰዓት ላይ ተጠርተው ገቡ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ከሸፈኑ ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ረጅም አድርጌ ጻፍኩት። ስሜ ዓለምነሽ ነው፤ እትዬ ክሪክ እኔ ነኝ፤ አውቶማቲክ መኪና በገመድ ጎትቱ ያልኩት ስሕተት ነው፤ የአንድ ሰው ካምቢዮ በእኔ ምክር ተቃጥሏል፤ አትጎትቱ፣ በጭነት መኪና ላይ ጫኑት፤ ያነበበ ላላነበበ ይንገር። ከዚያ ስለ ፓምፑ ጻፍኩ፤ የተፋቀውን ቀፎና የተላቀቀውን ክንፍ ፎቶ አያይዤ፣ ከማን እንደገዛሁትም ሳልደብቅ።

ጋሽ ባዩ ለመመለስ አሥር ደቂቃ አልወሰደበትም። ሴትዮዋ ራሷ እንዳመነችው የማታውቀውን ነገር ስትመክር ኖራለች አለ። የሰው ካምቢዮ ያቃጠለች ሰው ፓምፕም ብታበላሽ አይገርምም አለ። ስሕተቴን ማመኔን አንሥቶ የእሱን ሐሰት ሸፈነበት። ሦስት ሰዎች አጨበጨቡለት። መልስ ልጽፍ ስጀምር መልእክቶቼ ጠፍተው፣ እኔም ከቡድኑ ተባርሬ ነበር።

ስልኩን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ነበር። ተነሥቼ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለስኩ። አባቴ በነርሷ እጅ ተይዘው ቀኝ ዓይናቸው ታሽጎ ሲወጡ ገና ሳልናገር ለምን ተቆጣሽ አሉኝ። በአረማመዴ አውቀውት ነው። ነገርኳቸው። ብትዋሺ ኖሮ አያባርርሽም ነበር፤ ታዲያ የተቆጣሽው በእሱ ነው ወይስ በራስሽ አሉ። በሁለቱም አልኳቸው። ትንሽ ሳቅ አሉ።

ማክሰኞ እሽጉ ተነሣ። አባቴ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ ከዚያ እጄን ይዘው አገላበጡት። ጥፍርሽ ሥር ያለው ጥቁር ምንድን ነው አሉኝ። የሞተር ቅባት ነው አልኳቸው። ዓይናቸው ጥፍሬን ለይቷል። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብባል የምመልሰው አጭር ነው። በእጄ ያልነካሁትን አልመክርም፤ አላውቅም የሚለውን ቃል ዘግይቼም ቢሆን ለምጄዋለሁ። ቁጣዬ ግን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ዝገት ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ ሰው ዳገትና ገደል ላይ የሚነዳውን ሰው ነፍስ ነው የሚሸጠው። ፓምፑን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጃለሁ፤ ነገ ተመለሺ ብለውኛል፤ እመለሳለሁ። ለዶክተር ሙሉጌታ የሚሆን ካምቢዮም በየጋራዡ እየጠየቅሁ ነው።

መልእክቴ ከቡድኑ ከመጥፋቱ በፊት ያነበቡት ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት ረቡዕ ነው። አራት ሰዎች ደውለው ከዚያው ሱቅ ያንኑ ፓምፕ መግዛታቸውን ነገሩኝ። አንድ የደባርቅ ሾፌር ደግሞ አውቶማቲኩን ሊያስጎትት ሲል አንብቦ ማስቆሙን ነገረኝ። ከሁሉ በኋላ የደወለው የዳባት ሰው ነው። እትዬ ክሪክ አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። የአንቺን ምክር አንብቤ አውቶማቲኬን ያስጎተትኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ካምቢዮው ተቃጥሏል አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩና የሚለኝን ሁሉ እስኪጨርስ ሰማሁት።